በቦሦር ወንዝ የቀሩት ወታደሮች

ለማኅበረ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ጥናት

ንባብ፦ 1ኛ ሳሙኤል 30፥1-25፤ 1ኛ ነገሥት 19፥1-9፤ ዘኍልቍ 31፥19-24

በዚህ እትም ለጥናት የመረጥነው ነገር በስብከታችን ውስጥ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ይኸውም ከጦር ሜዳ ወደ ቤቱ የተመለሰ፣ በአካሉ ላይ ጠባሳ የማይታይበት፣ ሌሊት ግን የማይተኛ ወንድም ጉዳይ ነው። ጦርነት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እንተወው። ወታደሩ ዛሬ በመካከላችን ተቀምጧል። ከቢላ እስከ ነቀምቴ ባሉት ማኅበረ ምእመናን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የማያውቅ ሽማግሌ አይኖርም ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጥናቱን ከቦሦር ወንዝ እንጀምር። ዳዊትና 600 ሰዎቹ የሦስት ቀን መንገድ ተጉዘው ጺቅላግ ሲደርሱ ከተማይቱ ተቃጥላ፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ተማርከው አገኙ። ለማልቀስ እንኳ አቅም እስኪያጡ ድረስ አለቀሱ። ከዚያም ማራኪዎቹን ሲያሳድዱ 200ዎቹ ወንዙን መሻገር አቃታቸውና ቀሩ፤ 400ዎቹ ሄደው ድል አደረጉ። ሲመለሱ ከዘማቾቹ መካከል ልባቸው የከፋ አንዳንዶች፣ የቀሩት ሰዎች ሚስትና ልጆቻቸውን ብቻ ይዘው ይሂዱ እንጂ ከምርኮው አይካፈሉ አሉ። ዳዊት ግን እንቢ አለ፤ የተዋጋውና በዕቃው ዘንድ የቆየው እኩል እንዲካፈሉ አዘዘ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ እንበል። መጽሐፉ እነዚያ 200 ሰዎች በጦር ተወግተው ነበር አይልም፤ ስለ ድካማቸው ብቻ ይነግረናል። የሐዘንና የመንገድ ድካም፣ አንድ ላይ ተደራርቦ፣ በጦር ያልተነካውን ሰው ወንዝ ዳር አስቀምጦታል። ሁለተኛም፣ ዳዊት ሲመለስ በመጀመሪያ ያደረገው ወደ እነርሱ ቀርቦ ደኅንነታቸውን መጠየቅ ነው። ስለ ድርሻው ክርክር የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ፍርዱም ለዚያ ቀን ብቻ ሳይሆን በእስራኤል ዘንድ ሥርዓት ሆኖ ጸና።

በአገራችን የጦር ሰፈር ድካም እንዲህ ተቆጥሮ አያውቅም። አንድ ከቢላ የተነሣ ወጣት እናስብ። ስም አንሰጠውም፤ እያንዳንዱ አንባቢ የሚያውቀውን ስም ያስገባበት። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ወንዶች 6 ወር ሠልጥነው 2 ዓመት እንዲያገለግሉ ያዝዝ ነበር። ወጣቱ ወደ ሰሜን ግንባር ተላከ። በዚያ «አልቻልሁም» ብሎ የሚናገርበት ጆሮ አልነበረም። በሠራዊቱ ውስጥ የፖለቲካ ኮሚሳሮች ነበሩ፤ የኮሚሳር ሥራ ግን ማጽናናት አልነበረም። በየካቲት 1980 ዓ.ም. የናደው እዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በራሳቸው መንግሥት ትእዛዝ ተረሸኑ። በተከታዩ ወር ያው እዝ አፋቤት ላይ ተደመሰሰ። ጄኔራል በሚረሸንበት ሠራዊት ውስጥ ተራው ወታደር «ሌሊት እጄ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ለማን ይናገር? ዝምታን የተማረው እዚያ ነው። ወደ ቤቱም ይዞት የመጣው ያንኑ ዝምታ ነው።

ያ ሠራዊት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ተበተነ። ስንቱ በእግሩ መጣ፤ ስንቱ በሱዳን በኩል ዞሮ ገባ፤ ስንቱስ በየመንደሩ ደጅ ውኃና ቁራሽ እየለመነ አለፈ! ቁራሹን የሰጡት ብዙውን ጊዜ የራሳቸው ልጅ የት እንዳለ የማያውቁ እናቶች ነበሩ። በሰኔ ወር የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ፤ ከ450,000 የሚበልጡ ወታደሮችም ወደ ሲቪል ኑሮ እንዲመለሱ ተደረገ። ወደ ገጠር ለተመለሱት ራሽን፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ተሰጠ። ይህ ሥራ ሊናቅ አይገባውም፤ ብዙዎች በእርሱ ቆመዋል። ነገር ግን የሚቆጠረው ኩንታልና ማረሻ ነበር። የሌሊቱን ቅዠት የሚያስገቡበት ፎርም አልነበረም። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሲሆን፣ የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን በዚያ ማሠልጠን የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ስለ ነበረ በየክፍለ ሀገሩ የነበሩት ነርሶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በወለጋ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሮ ነበር። በ1970ዎቹ ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በራቸው ስለ ተዘጋ፣ ወጣቱ ሲዘምት የጸለየለት ጉባኤ በይፋ አልነበረም። ሲመለስ ጉባኤው ተከፍቶ አገኘው፤ ግን ከእርሱ ጋር ያደገው መዘምራን በሌላ ትውልድ ተተክቷል።

ከዚያም በኋላ ጦርነት አልተቋረጠም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር፣ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን የአገራችን ክፍል የተዋጉት ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370,000 የሚበልጡ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ዕቅድ ይዟል። ወለጋም ራሷ የተኩስ ምድር ከሆነች ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ይህ ጥናት የአባቶችን ታሪክ ለማስታወስ ብቻ አልቀረበም።

ሌሎች አገሮች ይህን ሕመም ለማወቅ ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም «የመድፍ ድንጋጤ» ልንለው በምንችለው ስም ስለ ሕመሙ ጻፈ፤ መድፉ አእምሮን ያናውጣል ተብሎ ታስቦ ነበር። መድፍ ያልደረሰበትም ወታደር ሲታመም ግን ነገሩ ሌላ እንደ ሆነ ታወቀ። ሐኪሞች ቀስ በቀስ የተረዱት ይህን ነው፦ የተናወጠውን ወታደር ከጓደኞቹ ሳያርቁ፣ ሳይዘገዩ፣ ትድናለህ የሚል ተስፋ እየሰጡ፣ ትኩስ ምግብና እንቅልፍ ቢሰጡት ብዙው ይበረታል። ከቬትናም ጦርነት የተመለሱት አሜሪካውያን በአንጻሩ ብዙዎቹ ለየብቻቸው በአውሮፕላን ተጭነው ከጦር ሜዳ በጥቂት ቀን ቤታቸው ደረሱ፤ የተቀበላቸውም አገር ስለ ጦርነቱ መስማት የሰለቸ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ሕመሙን ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ብሎ በመዝገቡ አስገባው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት አንድ ነገር ለእኛ ከሁሉ የበለጠ ይጠቅመናል፦ ወታደሩ ይድን ወይም ይባስበት እንደ ሆነ ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ከአደጋው በኋላ ያገኘው ወይም ያጣው የሰው ድጋፍ ነው። ስለዚህ ቢላ ላይ ያለ ጉባኤ ስፔሻሊስት ሐኪም ባይኖረው የሚያደርገው የለውም ማለት አይደለም። እንዲያውም የሕክምናው ትልቁ ክፍል በእጁ ነው።

የሙሴ ሕግ በዚህ ነገር ከብዙዎቻችን ቀድሞ ነበር። በዘኍልቍ 31 ከዘመቻ የተመለሱት ወታደሮች፣ ሰው የገደሉና ሬሳ የነኩ ሁሉ፣ ከሰፈሩ ውጭ 7 ቀን እንዲቆዩና እንዲነጹ ታዝዘዋል። ምዕራፉ ከባድ ነው፤ በዚህ ጥናት ሁሉን ልንፈታው አንችልም። ነገር ግን ዘመቻው የታዘዘ ሆኖ ሳለ እንኳ ከሞት ሜዳ ወደ እናት ጓዳ በአንድ እርምጃ አይገባም ነበር። ጊዜም፣ ሥርዓትም፣ ተቀባይም ነበረው።

እንግዲህ ሕመሙ በቤት ውስጥ እንዴት ይታያል? በወለጋ ቤት እንየው። ማንጎ ከዛፉ ወድቆ የቆርቆሮውን ጣራ ሲመታ ሰውየው ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ግድግዳ ይይዛል። በለቅሶ ላይ ጥይት ሲተኮስ ይጠፋና ማታ ከቡናው ተክል ውስጥ ይገኛል። ሌሊት እየጮኸ ይባንናል። ልጆቹን ይወድ የነበረው ሰው ሲያቅፉት እንደ እንጨት ይሆናል። በትንሽ ነገር ይቆጣል፤ በገበያ ጀርባውን ለሰው አይሰጥም። እንቅልፍ ለማምጣት አረቄ ይጀምራል፤ አረቄው ያስተኛዋል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን የባሰውን ያባንነዋል። ሌላው ጫት ይዞ ሌሊቱን ያነጋል። ሕዝቡም እንደየልማዱ ስም ያወጣለታል፤ ሰካራም፣ ፈሪ፣ እብድ፣ ክፉ መንፈስ ያደረበት።

ለሚስቶችና ለእናቶች አንድ ነገር እንንገር፤ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ጉዳት ያስቀራል። ሲቃዥ በእጅ ነካክታችሁ አትቀስቅሱት። ራቅ ብላችሁ፣ ከእግሩ በኩል ቆማችሁ፣ በስሙ ጥሩት፤ የት እንዳለም ንገሩት፦ ቤትህ ነህ፣ እኔ ነኝ፣ ነግቷል። ሳያውቅ በእንቅልፉ የመታ ብዙ ሰው አለና። እያወቀ የሚመታ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ሽማግሌዎች እኅታችንን «ታገሺ፣ ታሟል» ብለው ወደ አደጋ መመለስ የለባቸውም፤ እርስዋና ልጆችዋ የሚያድሩበት ቤት አስቀድሞ ይታሰብ። የእርሱ መታመም የእርስዋን መቁሰል አያስፈቅድም።

አሁን ወደ ኤልያስ እንሂድ። ነቢዩ በቀርሜሎስ ተራራ ታላቅ ነገር ካየና ከሠራ በኋላ፣ ብዙ ደምም ከፈሰሰ በኋላ፣ ነፍሱን ለማዳን ሸሸ፤ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ምን ላከለት? የተላከው መልአክ ስለ እምነት ማነስ አልገሠጸውም። ዳሰሰው፤ ትኩስ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ዳግመኛ እንዲተኛ ተወው፤ እንደ ገናም አበላው። ቃሉና ጥያቄው የመጡት ኤልያስ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። በጉባኤዎቻችን ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። እንቅልፍ ያጣውን ሰው የሌሊት ጸሎት እናዝዝለታለን፤ ምግብ የማይበላውን ጾም እናስይዘዋለን፤ ሁለቱም ሕመሙን ያብሳሉ። በጸሎት ኃይል እናምናለን፤ ሌሊቱን የሚተጉለት ግን እንቅልፍ የማያጡት ወንድሞች ይሁኑ፣ እርሱ ይተኛ።

ሌላም ልማድ አለን። ወታደሩ በመጣ በመጀመሪያው እሑድ ወደ ፊት ወጥቶ እንዲመሰክር እንጠራዋለን። እግዚአብሔር ከስንት ጥይት እንዳተረፈው ሲናገር ጉባኤው እልል ይላል። ሰውየው ግን በዚያች ሰዓት የሚያየው ከአጠገቡ የወደቀውን ጓደኛውን ነው፤ እርሱ ያልተረፈውን። «ስንት ገደልህ?» ብለው የሚጠይቁ ወጣቶችም አሉ፤ ይህን ጥያቄ ሽማግሌዎች ፈጽመው ይከልክሉ። ሊናገር ሲፈልግ አንድ የታመነ ሰው ይስማው፤ በገዛ ቋንቋው ይስማው። ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ለወለጋ ሕዝብ ያዘጋጀው ሰው በአፉ ቋንቋ ሲሰማ ልቡ ስለሚከፈት ነው። ጦር ሜዳውን ግን ምናልባት በአማርኛ ያስታውሰው ይሆናል፤ ትእዛዙም፣ ስድቡም፣ የጓደኞቹም የመጨረሻ ቃል በአማርኛ ነበርና። እንዲህ ከሆነ በአማርኛ ይናገር። አድማጩ ጥቂት ይናገር፤ «ረስተው» አይበለው።

ስለ ኅሊና ቁስል ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል፤ በዚህ ነገር ወንጌላዊው ሐኪሙ የማይችለውን ሊያደርግ ይችላልና። ሁለት ዓይነት ሸክም አለ። አንዱ ወታደሩ በእውነት ያደረገው ክፉ ነገር ነው፤ እጁን ያነሣን ሰው መግደል፣ የድሀ ቤት ማቃጠል፣ ሴትን መድፈር። ይህን «ጦርነት ነው፣ ምን ታደርግ» ብሎ ማለፍ እርሱን አይረዳውም፤ ኅሊናው ውሸት መሆኑን ያውቃል። ንስሐና ስርየት ለዚህ ተሰጥቶናል፤ ሲቻልም ለተበደለው መካስ። ሁለተኛው ሸክም ግን ኃጢአት አይደለም። እኔ ውኃ ልቀዳ ስሄድ እርሱ ሞተ፤ ቁስለኛውን ተሸክሜ መሮጥ አቃተኝ፤ እነርሱ ቀርተው እኔ ለምን ተረፍሁ? ለእንዲህ ያለው ሰው «ንስሐ ግባ» ማለት ባላጠፋው ነገር ጥፋተኛ እንደ ሆነ ማረጋገጥ ነው። የሚያስፈልገው አብሮት የሚያለቅስ ነው። ሁለቱ ሸክሞች በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተቀላቅለው ስለሚገኙ ወንጌላዊው አይቸኩል። መለየቱ ወራት ሊወስድ ይችላል።

ሕክምናን በተመለከተ በአንዳንድ ጉባኤዎች የሚሰማው ንግግር ያሳዝነናል። ክኒን መዋጥ የእምነት ማነስ ነው ይባላል፤ በመንፈስ ተይዟል ተብሎ የታሰረና የተደበደበም አለ። ማሰርና መምታት በማንኛውም ምክንያት ከጌታ አይደለም። የቦጂ ልጅ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ወደ አገልግሎት ከመግባታቸው በፊት በነቀምቴ ሆስፒታል በሕክምና ሥራ ሠልጥነዋል። በ1964 ዓ.ም.፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ አጋሮችዋ በጻፈችው ደብዳቤ ወንጌል ስብከትና የሰው ልማት ተለያይተው እንዳይታዩ፣ ሰው ሙሉ ሆኖ እንዲገለገል አሳሰበች። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። ዛሬ ነፍስን ለቄሱ፣ ሥጋን ለሐኪሙ ከፋፍለን አእምሮን መካከል ላይ ብንጥል ያን ትምህርት ዘንግተናል ማለት ነው።

በነቀምቴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ከቢላ በጊምቢ በኩል መሄድ የትራንስፖርትና የማደሪያ ገንዘብ ይጠይቃል፤ መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ስለዚህ በቅድሚያ በቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ መጠየቅ ይሻላል። ለሕመሙ የሚሰጡት አንዳንድ መድኃኒቶች መሥራት እስኪጀምሩ ብዙ ሳምንት ስለሚፈጅ፣ ቤተ ሰቡ በ5ኛው ቀን «አልጠቀመም» ብሎ እንዳያቋርጥ ይነገረው። በሽተኛው ሲሻለውም ሐኪሙ ሳያዝዝ አይተው። «ጌታ ፈውሶኛል» ሲል ደስ ይበለን፤ ሐኪሙም ደስ ይበለው፤ መድኃኒቱን የሚያቆመው ግን ሐኪሙ ይሁን።

ሰውየው መኖር እንደ ሰለቸው ከተናገረ፣ ወይም ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ፣ ራሱን ሊገድል አስቦ እንደ ሆነ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙ ጊዜ ያቀልለታል። ብቻውን አይደር። ጠመንጃ፣ ገመድና የሰብል ፀረ ተባይ መድኃኒት ከቤት ይውጣ፤ በዚያውም ቀን ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ለፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ደግሞ ለብቻው የምንለው አለን። የርዳታ መዝገብ ስታዘጋጁ የቀበሌው ዝርዝር ላይ ብቻ አትደገፉ። ወታደሩ መሬት ሲደለደል አልነበረም፤ ዘር ሲታደል ስሙ አልተጻፈም፤ ሰልፍና ጩኸት ስለማይወድ ራሱም አይመጣም። ቤቱ ድረስ ሂዱ። ሥራ ራሱ መድኃኒትነት አለው፤ ብቻውን የሚሠራው ግን ያን ያህል አይረዳውም። ደቦ፣ ወይም በወለጋ እንደምንለው ዳዶ፣ ከሰው ጋር ያውለዋል፤ የእርሱ ተራ ሲደርስም ሌሎች መጥተው ያርሱለታል። በዚያ ውስጥ ማንም «ታምሜአለሁ» እንዲል አይገደድም።

የነገረንንም በፎርማችሁ ላይ አትጻፉ። «የእንቅልፍ ችግር አለበት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ተልኳል» ይበቃል። የትኛው ክፍል ውስጥ እንደ ነበረ፣ የት እንደ ተዋጋ፣ ማንን እንዳየ በወረቀት አይሠፍር። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ በተቃራኒ ወገን የተዋጉ ሁለት ወንድማማቾች ሊቀመጡ በሚችሉበት አገር ከሰነድ የወጣ አንድ መስመር ሰው ያስገድላል። ሽማግሌዎችም የሰሙትን በቡና ላይ ቢያወሩት ሌላ ወታደር ከእንግዲህ አፉን አይከፍትም። ጉባኤው ፍርድ ቤት አይደለም፤ ማን ትክክል እንደ ነበረ ሳይወስን ሁለቱንም መመገብ ይችላል።

ለውይይት፦ በጉባኤያችን ከጦር ሜዳ የተመለሱት እነማን ናቸው? ስማቸውን ጮክ ብለን ሳንጠራ ሽማግሌዎች ብቻ ይቁጠሩ፤ ከእነርሱም ባለፈው ዓመት ቤታቸው የተጎበኘ ስንት ነው?

ዳዊት ለደከሙት 200 ሰዎች የሰጠው ድርሻ በእኛ አካባቢ ምን ይሆናል? መሬት፣ በሬ፣ ወይስ በመዘምራን መካከል መቀመጫ?

የዲያቆናት ሣጥን ለአንድ በሽተኛና ለአንድ አስታማሚ እስከ ነቀምቴ ደርሶ መልስ መሳፈሪያ ሊችል ይችላል? ካልቻለስ ከአጎራባች ጉባኤ ጋር ተዋጥቶ ማን ይያዘው፤ የቀጠሮውን ቀን የሚያስታውሰውና አብሮት የሚሄደውስ ማን ነው?